ለእናቴ የዘራሁት ድንብላል

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። በሩ ላይ ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ ዓይኑን ጫማዬ ላይ ተክሎ፣ ከእንግዲህ እናቴን ከጭሮ ሐረር ማመላለሱ ድካም ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ጉሮሮዋ ላይ ያለው ነገር ሥር ሰድዷል፣ ቀዶ ጥገናውንም አቅሟ አይችለውም አለ። ቤቷ ውሰጂያትና ያማራትን ስጫት፣ አለ። ያማራትን! አንድ ማንኪያ አጥሚት ለመዋጥ ግማሽ ሰዓት የምትታገል ሴት ምን ያምራታል ብዬ በልቤ ሰደብኩት። ሰውየው ምንም አላጠፋም። እኔ ግን በዚያች ሰዓት የምሰድበው ሰው ያስፈልገኝ ነበር።

ቤታችን በገባን በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ወደ ሥራ ልወጣ ስል ጠራችኝና ድንብላል አማረኝ አለች። ደረቁን ሳይሆን እርጥቡን፣ ቅጠሉን። ልጅ ሳለች ቦኬ ገጠር ውስጥ እናቷ ማሽላው መሃል ትዘራው ነበር። ከአረንጓዴ ቃሪያና ከነጭ ሽንኩርት ጋር በድንጋይ ፈጭታ ዳጣ ስታደርገው ሽታው ልጆቹን ከደጅ ይጠራቸው ነበር። አሁን የምትቀምሰው ሁሉ አመድ አመድ ይላታል፤ እሱን ግን ምላሷ ቢረሳው አፍንጫዋ አይረሳውም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ በኦሮምኛ ነው። ከአባቴ ጋር ከተማ ከገባች ጀምሮ አማርኛ ስትናገር የኖረች ሴት፣ ሕመሙ ሲጠናባት አማርኛዋ ቀስ በቀስ ጥሏት ሄዷል።

እሺ አልኳት። ቅጠል አይደል እንዴ፣ ምን ችግር አለው?

ችግሩን ገበያ ወጥቼ አገኘሁት። ደረቁ ድንብላል በየጆንያው አፍ ላይ ተቆልሎ ይሸጣል። እርጥቡን ስጠይቅ ግን አትክልት ሻጮቹ የጠፋ ከብት የምፈልግ ይመስል ያዩኝ ጀመር። አንዷ በሶብላ ሰጠችኝ። ሌላዋ ጤና አዳም አንስታ፣ እሱም ይሸታል፣ ውሰጂው አለች። እናቴ ሽታ ሳይሆን ድንብላል ነው ያማራት ብዬ ጮኽኩባት። ሴትየዋ ደነገጠች፤ ያጠፋችው ነገር ስላልነበረ እኔም አፈርኩ። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ድሬዳዋ ለማውቀው ሰው ደወልኩና አንድ እስር ገዝቶ በሚኒባስ ላከልኝ። መኪናው ሂርና ላይ ተበላሽቶ ቀኑን ሙሉ ቆመ። ቅጠሉም በላስቲክ ታስሮ ኮፈኑ አጠገብ፣ ፀሐይና ሙቀት ሲጠብሰው ዋለ። እጄ ሲገባ ጥቁር ንፍጥ ሆኗል። ከመሃሉ ደህና የሚመስሉ ሦስት ቅጠሎች መርጬ፣ አጥቤ፣ አፍንጫዋ ሥር ያዝኩላት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ይኼኔ ነው እኔው እዘራዋለሁ ብዬ የተነሣሁት። በአርባ ሁለት ዓመቴ አንድ ነገር ዘርቼ አላውቅም። ሥራዬ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ በኮምፒውተር ማመልከቻ መጻፍ ነው። ባለጉዳዩ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የደረሰበትን በኦሮምኛም በአማርኛም አዘባርቆ ይነግረኛል፤ እኔ ደግሞ የዳኛ አንጀት እንዲበላ አድርጌ አሳምርለታለሁ። በዚህ በዚህ ማንም አይስተካከለኝም። አፈር ግን ከጫማዬ ስር ካለው በቀር አላውቅም።

ቢጫ ጀሪካን በጎኑ ቀድጄ፣ በጋለ ሚስማር ሥሩን በሳሳሁት። አፈር ከጓሮ ዛቅሁ። ከጎን ያለችው ጎረቤቴ ፍየሎቿን ከጫት የሚተርፈውን ገራባ እያበላች ስለምታረባ፣ የደረቀ በጠጥ በፌስታል ሰጠችኝ። ዘሩንማ ማን ይቸግረዋል፣ የእናቴ የቅመም መደርደሪያ ላይ በወተት ቆርቆሮ ሙሉ አለ። አንድ እፍኝ ዘግኜ ወደ አልጋዋ ወሰድኩና አሳየኋት። መዳፌ ላይ ያለውን ዘር ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ዝሪው» አለች።

እያንዳንዷ ፍሬ ሁለት ዘር ናት ብለው ስለነገሩኝ በጠርሙስ ድጬ ገመስኳቸው። አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳደርኳቸው። የግማሽ ጣት ያህል ቀብሬ፣ ጥላ የሚያገኝበት የበረንዳው ጥግ አስቀመጥኩት። አፈሩ ከደረቀ ዘሩ ይሞታል ተብያለሁ። ውሃ ደግሞ በእኛ ሰፈር በፈረቃ ነው፤ ቧንቧው ሳምንት ሙሉ ሊያኮርፍ ይችላል። የእናቴ አንሶላ በየቀኑ ይታጠባል። ስለዚህ ፊቴን የታጠብኩበትን ያለ ሳሙና እያጠራቀምኩ አጠጣሁት። ጠዋት እኔ ሳልጠጣ እሱ ይጠጣል።

እናቴ በየጠዋቱ አንድ ጥያቄ ነበራት። «ቢቂሌ?» ትለኛለች። በቀለ ወይ ማለቷ ነው። እኔም ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ በሩ ላይ ቆሜ፣ ገና ነው እማዬ፣ እላትና ወደ ሥራ እሮጣለሁ። አንድ ሳምንት ገና ነው። አሥር ቀን ገና ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን ገና ነው ብዬ ማታ ስመለስ አጥሚቱን አልነካችውም። ቀን ቀን የምታያት ጎረቤቴ፣ አፏን ገጥማ እምቢ አለችኝ፣ ወላሂ ማንኪያው ጥርሷ ላይ ነው የቀረው፣ አለችኝ። እኔም ሞከርኩ፣ ለመንኳት፣ ተቆጣሁ። በመጨረሻ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አልዋጠችም።

በማግስቱ ጠዋት «ቢቂሌ?» ስትለኝ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ አዎ በቅሏል አልኳት።

ቀና ለማለት ሞከረች። የት ጋ፣ ስንት፣ ምን ይመስላል አለችኝ። ቦርሳዬን አወረድኩና አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ነገርኳት። በግራ በኩል ሦስት ናቸው፣ መሃል ላይ አንዷ ዘሯን እንደ ቆብ አጥልቃ ወጥታለች፣ አሁን ገና ሣር ነው የሚመስሉት አልኳት። ስለ ቆቡ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ያን ጠዋት አራት ማንኪያ አጥሚት ዋጠች። አራት! ሥራ ዘግይቼ ገባሁ፤ ደንበኞቼ አጉረመረሙ፤ ግድ አልሰጠኝም።

ከዚያ በኋላ ማን ያቆመኛል? በየጠዋቱ ቁጭ ብዬ ድንብላል አበቅላለሁ። አንድ ቀን ቅጠሉን ጥርስ ጥርስ አወጣሁለት። አንድ ቀን ጉንዳን አመጣሁበትና አመድ ነስንሼ አባረርኩት። ሌላ ቀን ከሁሉ የምትበልጠዋን ነፋስ ሊሰብርብኝ ሲል በስንጥር ደገፍኳት። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች፣ እኔ በመሃል በመሃል ማንኪያውን አቀብላለሁ። ስጨርስ በረንዳ ወጥቼ ጀሪካኑን አያለሁ። አፈር ነው። ረጥቦ፣ ጥቁር ሆኖ፣ አንዳች ነገር ሳይወጣበት ተንጣሎ ይተኛል። እየዋሸሁ መሆኔ አላሳፈረኝም። አፈሩ ነው ያናደደኝ፣ ውሸቴን እውነት ባለማድረጉ።

በሃያኛው ቀን ግድም ጎረቤቴ ለፍየሎቿ ገራባ ይዛ ስታልፍ በረንዳው ላይ ጎንበስ ብዬ አፈሩን ስሳደብ አገኘችኝ። እሷ በደሳ ከተማ አካባቢ ገበሬ ቤት ያደገች፣ እጇ መሬት የሚያውቅ ሴት ናት። ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰደደችና አንድ ፍሬ አወጣች። በቀሚሷ ጠርጋ በጥርሷ ሰበረችው። አላመጠች። ከዚያ ፊቴን አየች።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ የታመሰ ነው» አለች።

ቆሽቴ አረረ። አላመንኳትም አይደለም፣ ወዲያው ነው ያመንኳት። በእናቴ ቤት ጥሬ ቅመም ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ከገበያ እንደመጣ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ ከዚያ ነቀዝ እንዳይበላው ብረት ምጣድ ላይ ሞቅ ሞቅ ይደረጋል። ያንን ሳላደርግ ያስቀመጥኩ ቀን ቤቱ ተገለባብጦ ነበር። ያን ድንብላል ደግሞ ያመስኩት እኔው ነኝ፣ ባለፈው ዓመት፣ ገና እሷ በእግሯ ስትቆም። የገዛ እጄ የገደለውን ዘር ቀብሬ ሃያ ቀን የፊቴን ውሃ አጠጣሁት! ጀሪካኑን በእርግጫ መታሁት። አፈሩ በረንዳው ላይ ተበተነ። ጎረቤቴ መጥረጊያ አምጥታ አብራኝ ጠረገች።

በሳምንቱ የጎረቤቴ ወንድም ከበደሳ ሲመጣ ጥሬ ዘር በወረቀት ጠቅልሎ አመጣልኝ። ደብዛዛ፣ ገለባ የተቀላቀለበት፣ ዓይን የማይገባ ነገር። ድጬ ገመስኩ፣ ዘፈዘፍኩ፣ ቀበርኩ። እንግዲህ ያኔ ነው ነገሩ የተወሳሰበው። እኔ ለእናቴ በማወራው ድንብላሉ ስንዝር ሆኗል፤ አፈሩ ውስጥ ያለው ደግሞ ገና ዛሬ መቀበሩ ነው። እናቴም አንድ ጠዋት፣ እስቲ አንዷን ቅጠል ቀንጥሰሽ አምጪልኝ አለች። አሁን ከተቀነጠሰ ያኮርፋል፣ ትንሽ ይጠንክር አልኳት። እሺ አለች። በማግስቱም አልጠየቀችኝም፤ ወሬውን ብቻ ሰማች፣ ሦስት ማንኪያ ዋጠች።

በዘጠነኛው ቀን በቀለ።

ጎንበስ ብዬ ሳየው ዓይኔን አላመንኩም። ቀጭን፣ ነጣ ያለ፣ ጀርባውን ጎበጥ አድርጎ አፈሩን የሚገፋ ነገር። በቀኝ በኩል አምስት፣ በጥጉ ሁለት። አንዷ በእውነት ዘሯን እንደ ቆብ አጥልቃለች። ጩኺ ጩኺ አለኝ። ወደ ውስጥ ሮጬ በሩ ላይ ስደርስ ግን ደርቄ ቀረሁ። ምን ልበላት? ለእሷ እኮ ከበቀለ ወር ሊሞላው ነው! በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ እናቴን የሚያስደስት አንድ እውነት ባገኝም፣ ልነግራት አልችልም። ተመልሼ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ደስታ ይሁን ንዴት አላውቅም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን ሴቶች ሊጠይቋት መጡ። ጸለዩላት፣ ዘመሩላት፣ እጃቸውን ጫኑባት። ከመካከላቸው አንዷ፣ አፏ ላይ ልጓም የሌላት ደግ ሴት፣ እናቴን ልታጫውት ብላ እጇን ያዘችና ልጅዎ ድንብላል ዘርታልዎት አየሁ አለች። ገና አሁን መብቀሉ ነው፣ ሁለት ሁለት ቅጠል ብቻ ነው ያወጣው፣ ጌታ ይባረክ ሲደርስ ይበሉታል፣ አለች። እናቴ ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። አሜን አለች።

ሴቶቹን ሸኝቼ ስመለስ በሩ ላይ ቆምኩ። መግባቱም መውጣቱም አቃተኝ። እማዬ፣ ይቅር በይኝ፣ ዘሩ የታመሰ ነበር፣ አላወቅሁም ነበር አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ፊቴ አይደል ያመስሽው። መዳፍሽ ላይ ሳየው ነው ያወቅሁት።»

ታዲያ ለምን ዝሪው አልሽኝ፣ ለምን ጠዋት ጠዋት በቀለ ወይ እያልሽ ትጠይቂኝ ነበር አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፤ በዚህም ጊዜ እንኳ የተበደልኩት እኔ ሆኜ ቀረብኩ። ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጠበቅሁ። ያን ቀን አማርኛዋ ተመለሰ፤ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል እያነሣች ነው የተናገረችው።

«አልበቀለም ስትዪኝ በር ላይ ቆመሽ ነው፣ ትሄጃለሽ። በቀለ ያልሽኝ ቀን አጠገቤ ተቀመጥሽ።»

በሩን ስታሳየኝ ነው ያየሁት። በዚያ በር ከሐረር ከመጣን ጀምሮ፣ ከዚያም በፊት፣ ስንት ዓመት ጠዋት ጠዋት ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ገና ነው፣ እሺ፣ ማታ እንነጋገራለን፣ ስል ኖሬያለሁ። ለሰው ማመልከቻ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፤ የእናቴን ግን ከደጃፍ። አመመኝ። አሁንም ያመኛል።

ከማግስቱ ጀምሮ ሥራ ቀረሁ። ወንበር አስጠግቼ አጠገቧ ዋልኩ። ድንብላሉንም እንዳለ ነገርኳት፤ ዛሬ ሦስተኛው ቅጠል ወጣ፣ ዛሬ ምንም የለም፣ ዛሬ ውሃ አልመጣም። እውነቱ አጭር ነው፣ ሁለት ማንኪያ ሳይሞላ ያልቃል። እሷም እየከሳች ሄደች። ቀን ቀን ትተኛለች፤ ስትነቃ እጄን ትፈልጋለች። መዋጡ አንድ ማንኪያ ሆነ። ከዚያም ከንፈር ማርጠብ ብቻ ሆነ። እኔ ደግሞ በሆዴ ድንብላሉን እለምነዋለሁ፤ ቶሎ በል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ትቅመስህ፣ ከዚያ ብትደርቅም ግድ የለኝም።

ቅጠሉ ጥርስ አውጥቶ ሰፋ ሲል፣ ከዚህ በላይ መጠበቅ እንደማልችል አወቅሁ። አንድ ጠዋት እሷ በነቃችበት ሰዓት ስድስት ቅጠል ቀነጠስኩ። ቃሪያው ጉሮሮዋን ያቃጥላል ብዬ ተውኩት። በትንሿ ሙቀጫ ከጨው ጋር ወቀጥኩትና ሁለት ጠብታ ውሃ ጨመርኩበት። ሽታው ቤቱን ሞላው። የገበያው ደረቅ ዘር ሽታ አይደለም፤ ሌላ ነው፣ ትኩስ፣ አፍንጫ የሚጠቅስ። ይሄ ነው ያለችው ሽታ ብዬ ልቤ ዘለለ። ከምግብ ሁሉ የቀረውን አንድ ነገር ይዤላት ገባሁ።

አፍንጫዋ ሥር ያዝኩላት። ተነፈሰች፣ ፊቷ አልተለወጠም። በጣቴ ጫፍ ወስጄ ምላሷ ላይ አደረግሁላት። አፏ ውስጥ ያዘችው። ዓይኗ ወደ ጣሪያው ሄደ፣ የሆነ ነገር እየፈለገች መሰለኝ፣ እኔም አብሬ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።

ምን ይላል እማዬ፣ አልኳት።

«ምንም።» ራስጌዋ ያለውን ጨርቅ ጠቆመችኝ፤ በእሱ ድንብላሉን ከአፏ ጠርጌ አወጣሁላት። አረንጓዴው እንዳለ ነው። አዝና አየችኝ፤ ለራሷ አይደለም፣ ለእኔ ነው ያዘነችው። «ኢንተላ ኮ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው፤ «ያኛው ይሻላል።»

የቱ ነው ያኛው አልኳት።

«የነገርሽኝ። እስቲ እሱን ንገሪኝ።»

ወንበሬን አስጠጋሁ። አፌን ከፈትኩ። ግራ በኩል ያሉትን ሦስቱን፣ ጉንዳኑን፣ በስንጥር የደገፍኳትን አስታወስኩ፤ ሁሉም አሉ። ድንብላሉ፣ እማዬ፣ ብዬ ጀመርኩ። ቀጥሎ ያለው ቃል ግን አልመጣ አለኝ። የእውነተኛው ሽታ ጣቶቼ ላይ አለ፣ የውሸቱን አላስወጣ አለኝ። ለስንቱ ባለጉዳይ ያልነበረ ነገር አሳምሬ የጻፍኩ ሰው፣ ለእናቴ አንድ ዓረፍተ ነገር አጣሁ። አፍ አፌን እያየች ጠበቀችኝ። ከዚያ ደከማትና ዓይኗን ከደነች።

ከዚያ በኋላ አራት ቀን ኖረች። አራቱንም ቀን ከአጠገቧ አልተነሣሁም፤ አንዲት ቅጠል ግን ላበቅልላት አልቻልኩም።